«ራሳችሁን ሁኑ» የሚባለው ለማን ነው?

የጉለሌው፦ ትናንት የሥራ ፍለጋ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ኢንተርቪው ላይ ራሳችሁን ሁኑ፣ እውነቱን ብቻ ተናገሩ» አለን። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ባለፈው ወር «ለምን እኛ ጋ መሥራት ፈለግህ?» ሲሉኝ «ሥራ ከፈታሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፣ ደመወዝ ያስፈልገኛል» አልኩ። ሦስቱም ተያዩ፤ አንዷ እስክሪብቶዋን ዘጋች። ያን ጊዜ እንዳበቃልኝ ገባኝ። ትንሽ ማሳመር ነበረብኝ።

ቅጥር ክፍል ነኝ፦ ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ግን ይቺ «ትንሽ ማሳመር» የምትሏት ናት ሰው እንዳናምን ያደረገችን። ለሂሳብ ሠራተኛ ቦታ የመጣ ልጅ «ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አለኝ። ላፕቶፑን አዙሬ «እስቲ አንድ ሽያጭ መዝግብልኝ» አልኩት። ማውሱን ይዞ ስክሪኑ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። እኔም አብሬው አፈርኩ። ባይዋሽ ኖሮ አስተምረው ነበር።

የጉለሌው፦ «አስተምረው ነበር»? ማስታወቂያችሁ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» አይል? የለኝም ቢል ስሙም አይጠራ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት ማሳመር አይባልም፣ ውሸት ነው። እኛ ክፍል እንዲህ ብሎ የገባ ሰው ያበላሸውን የወር ሂሳብ መዝጊያ አምሽተን ያስተካከልነው እኛ ነን።

የጉለሌው፦ እኔ ማሳመር ያልኩት ምክንያቴን ነው። ስለ ፒችትሪ ምን አወራሁ? ቃሌን አታጣሙብኝ።

እህታችሁ፦ እውነት ከተነሳ እኔም ልናገር። «አግብተሻል? ልጅ መቼ አሰብሽ?» ይሉኛል። ከመግባቴ በፊት ቀለበቴን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ጣቴ ላይ ምልክቱ ስለቀረ እጄን ጠረጴዛ ሥር ደብቄ «አላገባሁም» አልኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ከነደመወዙ። የሚፈሩት እሱን ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው። ጥያቄው ራሱ ነውር ነው።

ቅጥር ክፍል ነኝ፦ እኛ ጋ እንደዚያ አይጠየቅም።

እህታችሁ፦ እናንተ ጋ አይጠየቅ ይሆናል። እኔን ሦስት ቦታ ጠይቀውኛል።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል። ሰውን በሃያ ደቂቃ ወሬ ከምትመዝኑ ሥራ ላይ እዩት።

ቅጥር ክፍል ነኝ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ሰውየው ሳይሆን ሲቀር እንደገና ማስታወቂያ፣ እንደገና ፈተና ነው። እስከዚያ ሥራው የሚቆለለው ባሉት ላይ ነው።

የጉለሌው፦ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ብላችሁ የምታወጡትስ? በጀቱን እያወቃችሁት «ስንት ትጠብቃለህ?» ትሉኛላችሁ። ከፍ ካልኩ እወድቃለሁ፣ ዝቅ ካልኩ በዚያው ትይዙኛላችሁ። እውነት ተናገር የምባለው እኔ ብቻ ነኝ?

ቅጥር ክፍል ነኝ፦ «በስምምነት» የሚለውን የምወስነው እኔ አይደለሁም፣ ከላይ ተወስኖ ነው የሚመጣው። ተከራክሬበታለሁም።

የጉለሌው፦ እንግዲያው አንቺም የምታውቂውን የማትናገሪበት ቦታ አለ።

ቅጥር ክፍል ነኝ፦ አለ። ስለ ፒችትሪው ልጅ ግን ሐሳቤን አልቀይርም።

እህታችሁ፦ ለእኔ መልስ የሰጠኝ የለም። ሐሙስ ሌላ ኢንተርቪው አለብኝ። ቀለበቱን ላድርገው ወይስ ላውልቀው?