ሙቅ ውኃ ሲከፈት ግድግዳ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ፦ መንስኤውና መፍትሔው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ሻወራችን የሚሄደው የሙቅ ውኃ ቧንቧ በግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ሙቁን ውኃ ከከፈትን ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይሰማና እየተራራቀ ሄዶ ያቆማል። ውኃው ከተዘጋ በኋላ ያው ድምፅ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ሌሊት ከሆነ በአጠገቡ ባለው መኝታ ክፍል የተኛውን ሰው ይቀሰቅሳል። ቀዝቃዛውን ብቻ ስንከፍት ምንም አይሰማም። ቧንቧው የመዳብ ሲሆን ከማሞቂያው እስከ ሻወሩ 10 ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ባለሙያ አየር ገብቶበታል አለን፤ ሌላው ደግሞ ግድግዳው ካልፈረሰ መፍትሔ የለውም ይላል። ሳይፈርስ መንስኤውን መለየት ይቻላል? ቧንቧው የመፈንዳት አደጋስ አለበት?

መልስ 1

የአየር ድምፅ አይመስለኝም። በመስመሩ ውስጥ አየር ቢኖር ኖሮ ውኃው ከሻወሩ እየተቆራረጠ ይወጣ ነበር፤ ከተዘጋ በኋላም ድምፅ ባልተሰማ ነበር። ሲሞቅም ሲበርድም የሚሰማ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ግን የማይሰማ ድምፅ የቧንቧው መርዘምና ማጠር ምልክት ነው። አንድ ሜትር መዳብ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር 0.17 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ ቧንቧው ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ የእርስዎ 10 ሜትር መስመር 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። እንደ ልቡ መንሸራተት ቢችል ኖሮ ይህ ሁሉ ሳይሰማ ባለፈ ነበር። ነገር ግን በእንጨት ቀዳዳ፣ በጠበቀ ክላምፕ (የቧንቧ ማሰሪያ) ወይም በልስን ጠርዝ ከተያዘ፣ ኃይሉ እስኪጠራቀም ይቆይና በድንገት ያመልጣል፤ እያንዳንዱ «ቀጭ» አንድ ማምለጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚሰማውም ቧንቧው በፍጥነት የሚሞቀው በዚያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

ለማረጋገጥ የማሞቂያውን ቴርሞስታት ለአንድ ቀን ወደ 50 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ያዳምጡ። ድምፁ ከቀነሰ ነገሩ ግልጽ ነው። በዚያው እንዲተዉት ግን አልመክርም፤ ውኃ በሚያጠራቅም ማሞቂያ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ውኃው 60 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። ቦታውን ለማግኘት ደግሞ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዎ ላይ አሳርፈው፣ ሌላ ሰው ሙቁን ውኃ ሲከፍት ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተዘዋወሩ ያዳምጡ።

የመፈንዳት ስጋት እምብዛም ነው። ሆኖም መዳብ ለረጅም ጊዜ ከብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ሊሳሳ ስለሚችል፣ ሁሉንም ውኃ ዘግተው ቆጣሪው መንቀሳቀሱን መመልከት ተገቢ ነው።

መልስ 2

በምርመራው እስማማለሁ። ጥገናውን ግን ከግድግዳው መሃል ሳይሆን ቧንቧው ከሚገባበትና ከሚወጣበት ቦታ መጀመር ይሻላል። ሻወሩ ጋ ያለውን ክብ መሸፈኛ ፈትተው ወደ ኋላ ሲስቡት፣ ብዙ ጊዜ ቧንቧው በሲሚንቶ ተጣብቆ ወይም የሴራሚኩን ጠርዝ ነክቶ ያገኙታል፤ አንዳንዴ መዳቡ ላይ የሚያብለጨልጭ የመፋተጊያ መስመርም ይታያል። ሲሚንቶውን በቀጭን መሮ ቀስ አድርገው ያስለቅቁና ዙሪያውን ለስላሳ የስፖንጅ መጠቅለያ ያስገቡበት። በማሞቂያው በኩልም እንዲሁ ያድርጉ። ክላምፖቹ ያለ ጎማ የታሰሩ ብረቶች ከሆኑ ቧንቧውን ይዞ ማንሸራተት በሚችል የፕላስቲክ ክላምፕ ይቀየሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ከቀጠለ፣ መከፈት ያለበት ኤልቦው (ቧንቧው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) ያለበት ቦታ ብቻ ነው፤ የረዘመው ቧንቧ የሚገፋው ወደዚያ ስለሆነ ኤልቦው ከግድግዳው የሚርቅበት ክፍተት ያስፈልገዋል።

ተነፍቶ የሚደርቅ ፎም በቀዳዳ ይረጭበት የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ቧንቧው እንዲንቀሳቀስ ስንፈልግ ፎሙ ጭራሽ አንቆ ይይዘዋል። መዳቡ በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) ይቀየር የሚለው ምክርም በዚህ ረገድ አያዋጣም፤ ማጠናከሪያ የሌለው ፒፒአር በሙቀት የሚረዝመው ከመዳብ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በካቻቪቴው ሳዳምጥ ድምፁ የጎላው ልክ ከሻወሩ መሸፈኛ ጀርባ ነው፤ ስፈታውም ቧንቧው በአንድ ጎኑ ሴራሚኩን ነክቶ ተገኝቷል። ሴራሚኩን በጥቂቱ ሞርጄ ስፖንጅ ካስገባሁበት ወዲህ ድምፁ በጣም ቀንሷል፤ የቀረው በማሞቂያው በኩል የሚሰማ ጥቂት ድምፅ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውኃ መሙላቱን ሲያቆም የሚሰማው አንድ ኃይለኛ «ድው»ስ ከዚሁ ጋር ይያያዛል?

መልስ 3

አይያያዝም። ያ ወተር ሀመር የሚባለው ነው፤ የማሽኑ ቫልቭ በቅጽበት ሲዘጋ በፍጥነት ይመጣ የነበረው ውኃ መሄጃ አጥቶ ቧንቧውን ይመታዋል። በቀዝቃዛ መስመርም ስለሚከሰት ከሙቀት ጋር ጉዳይ የለውም። በቅድሚያ የግፊት መለኪያ ገጥመው ይመልከቱ፤ ግፊቱ ከ5 ባር በላይ ከሆነ በዋናው መስመር ላይ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ አስገብተው ወደ 3 ባር ያውርዱት። ግፊቱ ደኅና ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ፣ ላላ ያሉ ክላምፖችን ያጥብቁ፤ እዚህ ላይ ሕክምናው ከሻወሩ ተቃራኒ ነው። ከዚያ በኋላ በማሽኑ መገናኛ አጠገብ ፒስተን ያለው የምት ማብረጃ ይግጠሙ። አንዳንድ ሠራተኞች በምትኩ ጫፉ የተደፈነ ባዶ ቧንቧ ወደ ላይ ይተክላሉ፤ እሱ ግን ውስጡ ያለው አየር ቀስ በቀስ በውኃ ስለሚተካ ቆይቶ አገልግሎቱን ያቆማል።