በቤዝ ጊታር ብቻ ታጅቦ መዝፈን

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ባለ አንድ ካፌ፣ ማንም ተመዝግቦ በሚዘፍንበት ምሽት፣ በቤዝ ጊታር ብቻ ታጅቤ በትዝታ ቅኝት እዘፍናለሁ፤ ነገር ግን የቤቱ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ የወፍራሙ ክር ድምፅ ይጠፋል፣ ዘፈኑም ባዶ ይሆንብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ያ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ (በሴኮንድ 41 ንዝረት) ገደማ የሆነ በጣም ወፍራም ድምፅ ስለሚሰጥ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። በሁለቱ ቀጫጭን ክሮች፣ ከ12ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም ካሉት የብረት መስመሮች 12ኛው) አካባቢ ይጫወቱ።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ በገናን ያስቡ፤ 10 አውታር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ መሣሪያ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው ብቻውን ይዘምርበታል። እኔም ቤዝ ይዤ ስዘፍን፣ ስንኙ እስኪያልቅ አንድ ኖታ ብቻ አቆይቼ፣ ትንፋሽ ስወስድ ክፍተቱን በጣቶቼ እሞላለሁ።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ማታ በሁለቱም መንገድ እለማመዳለሁ።