ድምፅ ሲጠራቀም ስንት አክሲዮን ይበቃል?

ሰላም ወገን። ደሴ ሆኜ ኤስአይኢ ለሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የኩባንያ ቦርድ ምርጫው ላይ ተያዝኩ።

ባለአክሲዮን ድምፁን አጠራቅሞ ሁሉንም ለአንድ ዕጩ መስጠት የሚችልበት ዘዴ አለ። የድምፁ ብዛት የሚገኘው የአክሲዮኑ ብዛት በሚመረጠው የቦርድ ወንበር ብዛት ሲባዛ ነው። ትንሹን ባለአክሲዮን የሚጠቅም ነገር ስለሆነ በደንብ እንዲገባኝ እፈልጋለሁ።

በ1,000 አክሲዮንና በ4 ወንበር ሞከርኩት። 200 አክሲዮን ያለው 800 ድምፅ አለው። ሌሎቹ 3,200 ድምፃቸውን ለ4 ዕጩ ቢያካፍሉ ለእያንዳንዱ 800 ይደርሳል። እኩል ወጣ! በ201 ግን አንድ ወንበር አያመልጠውም።

እዚህ የደረስኩት ቁጥር እየቀያየርኩ ነው። ጓደኛዬ «አብሽር» ይለኛል፤ ፈተናው ግን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ ነው። ወንበሩ 7 ወይም 9 ሲሆን፣ አንድ ሰው ለማስመረጥ የሚበቃውን ትንሹን የአክሲዮን ብዛት በአንድ ስሌት የማገኘው እንዴት ነው?