ከሌዘር በኋላ የዓይን ጠብታ ነገር ግራ ገብቶኛል፣ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ? መነጽር ሰልችቶኝ ህንድ ሄጄ ፒአርኬ የሚባለውን የሌዘር ሕክምና ተሠራሁ። ይሄኛው ሌዚክ እንደሚባለው ሌላው የሌዘር ሕክምና ኮርኒያውን (ጥርት ያለውን የዓይን የፊት ክፍል) ቆርጦ አይከፍትም። የኮርኒያው የላይኛው ሽፋን ይነሳና በራሱ ጊዜ እስኪተካ ይጠበቃል። ሽፋኑ እስኪተካ ዓይኔ ላይ የተደረገው የመከላከያ ሌንስ ወጥቶልኛል፤ አንቲባዮቲኩም አልቋል። የቀሩኝ ፍሎሮሜቶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ጠብታና ሰው ሠራሽ እንባ ናቸው።

ያስቸገረኝ እንባው ነው። ያዘዙልኝ ማቆያ ኬሚካል የሌለበት፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ትንንሹ ፕላስቲክ ነበር። አለቀ። አዲስ አበባ የጠየቅኳቸው ፋርማሲዎች ያላቸው ባለ ጠርሙሱን ብቻ ነው። ጀርባውን ሳነበው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ማቆያ አለበት፤ እሱ ደግሞ ሲደጋገም የኮርኒያን ሽፋን ይጎዳል። እኔ እኮ በየሁለት ሰዓቱ ነው የምጨምረው! ጠዋት ስነቃ የዓይኔ ቆብ ተጣብቆ በስንት መከራ ነው የሚላቀቀው።

ፍሎሮሜቶሎኑ ቀስ በቀስ እንጂ ባንዴ አይቆምም ተብያለሁ። የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችልም መለካት አለበት። የሄድኩበት ክሊኒክ ግን «የሠራህ ሐኪም ይከታተልህ» ብሎ መለሰኝ።

ትንንሹን እንባ የት አገኛለሁ? እስከዚያ ባለ ጠርሙሱን ብጠቀም ይሻላል ወይስ ይቅር? ሌላ ቦታ የተሠራ ሰው የሚቀበል የኮርኒያ ሐኪም የምታውቁ ካላችሁም በናታችሁ ጠቁሙኝ።