ጥንታዊውን የንግግር ጥበብ ለዶክትሬት ማጥናት፦ በየትኛው ትምህርት ክፍል በኩል ልግባ?

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በኮሚዩኒኬሽን የመጀመሪያ ዲግሪዬን እጨርሳለሁ። አርስቶትል አንድን ንግግር አሳማኝ የሚያደርጉት የተናጋሪው ማንነት፣ የአድማጩ ስሜትና የነገሩ ማስረጃ ናቸው ማለቱን ካነበብሁ ወዲህ ልቤ ከዚህ ትምህርት አልተላቀቀም፤ ስለዚህ የዶክትሬት ጥናቴን በግሪክና በሮም የንግግር ጥበብ ላይ ለማድረግ ወስኛለሁ። የተቸገርሁት ትምህርቱ በሦስት ቤት ተከፍሎ በማግኘቴ ነው፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በክላሲክስ (በጥንታዊ ግሪክኛና ላቲን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥናት)፣ አንዳንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዱ ደግሞ በኮሚዩኒኬሽን ክፍል ያስተምረዋል። ግሪክኛም ሆነ ላቲን አላውቅም።

ሁለተኛው ጭንቀቴ፣ የዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ ወጪውን የሚሸፍነው የአደባባይ ንግግር ኮርስ በማስተማር መሆኑ ነው። እንግሊዝኛዬ የአማርኛ ቅላጼ አለው። አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ደክሜበት ላቀረብሁት ንግግር የተሰጠኝ አስተያየት ስለ ቅላጼዬ ብቻ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሌሎችን ንግግር ላስተምር እችላለሁ?

መልስ 1 (በኮሚዩኒኬሽን ክፍል የሚያስተምር)

የትምህርት ክፍሎቹ መለያየት የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ 17 የንግግር መምህራን፣ ለተጻፈው እንጂ ለሚነገረው ቃል በቂ ቦታ አልተሰጠም በማለት ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን መሠረቱ፤ ከዛሬዎቹ የኮሚዩኒኬሽን ክፍሎች ብዙዎቹ የዚያ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። በ1925 ደግሞ ኸርበርት ዊቸልንስ የተባለ ምሁር፣ ንግግር መመዘን ያለበት እንደ ሥነ ጽሑፍ በዘላቂ ውበቱ ሳይሆን በፊቱ በነበሩት አድማጮች ላይ ባሳደረው ውጤት ነው ብሎ ጻፈ። የእኛ ክፍል ዛሬም በአብዛኛው ይህን ይጠይቃል። ክላሲክስ ከጽሑፉና ከቋንቋው ይነሣል፤ በእንግሊዝኛ ክፍል ያለው ጥናት በብዛት ከድርሰት ማስተማር ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ሥራው እውነቱን ልንገርዎት፦ ጥንታዊ የንግግር ጥበብን ብቻ የሚያስተምር ሰው ፈልጎ የሚወጣ ማስታወቂያ እጅግ ጥቂት ነው። የአደባባይ ንግግር ኮርስ ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየሴሚስተሩ ስለሚሰጥ መምህር ይፈልጋል። ይህን ሥራ የጥናት ወጪ መሸፈኛ ብቻ አድርገው እንዳያዩት አደራ እላለሁ። ሲሴሮና ሌሎች ሮማውያን ሐሳብ ከማግኘት፣ ከማደራጀት፣ በቃላት ከማስዋብና ከአቀራረብ ጋር፣ በቃል መያዝን ለምን ከአምስቱ የጥበቡ ክፍሎች አንዱ እንዳደረጉት መጻሕፍቱ አላስረዱኝም ነበር። የገባኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀና ማለት ያቃተው ተማሪ በመጨረሻው ሳምንት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ የጓደኞቹን ዓይን እያየ ሲናገር ስሰማው ነው።

መልስ 2 (የክላሲክስ ተመራማሪ)

በየትኛውም በኩል ይግቡ፣ ግሪክኛውን ግን አይተዉት። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሳይዎት። የአቴናው ዝነኛ ተናጋሪ ዴሞስቴኔስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 ዓመት በአቴና ፍርድ ቤት ባደረገው ዝነኛ ንግግር፣ የአቴና ጠላት የነበረው የመቄዶንያው ንጉሥ ፊልጶስ ኤላቴያ የተባለችውን ከተማ መያዙ የተሰማበትን ምሽት ይተርካል። የግሪክኛው የቃላት ቅደም ተከተል ወደ አማርኛ ቢገለበጥ እንዲህ ይሆናል፦ «ማታ ነበር፤ መጣ መልእክት ይዞ አንድ ሰው ወደ ሹማምንቱ፤ ኤላቴያ ተይዛለች።» መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ከዚያ መምጣቱ፣ ከዚያ ማንነቱ ያልታወቀው ሰው፣ በመጨረሻ መርዶው። በእኛ አማርኛ ግሡ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በወጉ ከተረጎምነው መርዶው ቀድሞ የሰውየው መምጣት መጨረሻ ላይ ይውላል፤ አድማጩ የሚጠብቅባት ያቺ ቅጽበት ትጠፋለች። ቀጥሎም በማግስቱ ጉባኤው እንደ ተሰበሰበ፣ ዐዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚፈልግ ማን ነው?» እያለ ደጋግሞ እንደ ጠየቀና አንድም ሰው እንዳልተነሣ ይናገራል። ያን ዝምታ ከገነባው በኋላ ነው በዚያ ቀን የተገኘው ሰው እኔ ነበርሁ የሚለው። በዚህ ክፍል ላይ ብዙ ሰዓታት አሳልፌያለሁ፤ ዛሬም ሳነበው ያስደነግጠኛል።

ለክላሲክስ ዶክትሬት ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ግዴታ ናቸው፤ በዚያ ላይ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ማንበብ በብዛት ይጠየቃል። ቋንቋውን ዘግይተው ለሚጀምሩ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ማጠናከሪያ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

መልስ 3

እኅቴ፣ ስለ ቅላጼዎ የጻፉት ነገር አሳዝኖኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ዓመት አቴናውያንን በንግግሩ ያስደነቃቸው ጎርጊያስ ከሲሲሊ የመጣ መልእክተኛ ነበር። ለአቴና ዜጎች የፍርድ ቤት ንግግር ይጽፍላቸው የነበረው ሊሲያስ፣ አባቱ ከሲራኩስ የመጣ፣ ራሱም የዜግነት መብት የሌለው ነዋሪ ነበር። በሮም ከመንግሥት ደመወዝ እየተከፈለው የንግግር ጥበብ ያስተማረው ኩዊንቲሊያን ደግሞ የስፔን ተወላጅ ነው። ይህን ጥበብ ለታላላቆቹ ከተሞች ካስተማሩት መካከል ከሌላ አገር የመጡ ብዙዎች ናቸው።

ስለ ጥናት ርዕስም አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በአቴና ተሟጋቹ የውኃ ሰዓት እየተለካበት ራሱ ቆሞ ይናገር ነበር። በአገራችን የተጠየቅ ሙግትም ባለጉዳዩ ችሎት ፊት ቆሞ፣ እየተወራረደና ነገሩን በግጥም እያሰረ፣ ባላጋራውን ይጠይቅ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማጥናት እንደ እርስዎ አማርኛው የገባው ሰው ያስፈልጋል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በኮሚዩኒኬሽን በኩል ለማመልከትና ግሪክኛውን ከዚህ ክረምት ለመጀመር ወስኛለሁ። ኮርሱ እስኪከፈት ብቻዬን ምን ላጥና?

መልስ 2

ፊደሉን ይጨርሱ። የግዕዝ አኃዞች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ስለሆኑ ፩ን ከአልፋ፣ ፪ን ከቤታ፣ ፫ን ከጋማ ጋር እያስተያዩ ቢጽፏቸው ቶሎ ይይዟቸዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡ።