በ5 እና በ10 ሳንቲም ፖከር እየተበላሁ ነው፤ የቱ ጋ ነው ጥፋቴ?

የቬጋሱ ሹፌር (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፣ ሥራዬ ሹፌርነት። ከሁለት ወር በፊት ስልኬ ላይ ፖከር ጀመርኩ። ቴክሳስ ሆልደም (ለየሰው ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት ካርታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም)፣ ኖ ሊሚት (ያለህን ሁሉ መምታት የምትችልበት)፣ ስድስት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ። ውድድር አይደለም፤ ሰው ሲፈልግ ገብቶ ሲፈልግ የሚወጣበት ካሽ ጌም ነው። ብላይንዱ፣ ማለትም ሁለት ሰዎች ካርታ ሳይታደል በግድ የሚያስገቡት፣ 5 እና 10 ሳንቲም ነው፣ 10 ዶላር ይዤ እቀመጣለሁ። 100 ዶላር አስገብቼ 60 ብቻ ቀረችኝ።

ሕጋዊ ነው ወይ እንዳትሉኝ። ኔቫዳ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ፈቃድ ያለው የኦንላይን ፖከር አለ፣ እኔም 21 ካለፈኝ ቆየሁ። ሎስ አንጀለስ ዘመድ ጋ ስሄድ አፑ አያጫውተኝም፤ እሱ እንኳን ሳይጠቅመኝ አልቀረም።

ሰፈር ውስጥ ኮንከር ስንጫወት የሚችለኝ አልነበረም። እዚህ ግን በላሁ ስል እበላለሁ። አንዱን ላሳያችሁ።

ሁለት አስ ደረሰኝ። ከብላይንዶቹ ቀጥሎ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ሰው እንዳይሸሽብኝ ብዬ 10 ሳንቲሟን ብቻ ከፍዬ ገባሁ፣ ኮል አደረግኩ። ሁለት ሰው ተከተለኝ፣ ትንሹ ብላይንድ ሞላ፣ ትልቁ ቼክ አለ (ሳይጨምር አለፈ)። አምስት ሆንን፣ ፖቱ (መሐል የተሰበሰበው ገንዘብ) 50 ሳንቲም። ፍሎፑ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጠረጴዛ ካርታዎች) 8፣ 5፣ 2 ወጣ። 40 ሳንቲም መታሁ (አስያዝኩ)፣ ትልቁ ብላይንድ ብቻ ቀረ። ተርኑ (አራተኛው ካርታ) ኪንግ። ቼክ አለኝ፣ 1 ዶላር መታሁ፣ እሱ ወደ 3 ዶላር ሬይዝ አደረገ (ከፍ አደረገው)። ብላፍ ነው፣ ሊያስፈራራኝ ነው ብዬ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። ዓይኑን ሳያሽ ኮል። 8 እና 5፣ ሁለት ጥንድ! ሪቨሩ (የመጨረሻው ካርታ) 3 ወጣና አለቀ።

ሰው በ8 እና 5 ይጫወታል እንዴ? ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጋር እንዴት ነው የሚጫወቱት?

ዲለሯ

ወንድሜ፣ እኔ ስትሪፕ፣ የካዚኖዎቹ መንገድ ላይ፣ ካርታ አዳይ ነኝ። ይቺን ታሪክ በሳምንት አሥር ጊዜ እሰማታለሁ፣ ካርዱ ብቻ ነው የሚለያየው።

ሰውዬው በ8 እና 5 አልመጣብህም። አንተ ነህ በነጻ ያስገባኸው። 10 ሳንቲሙን ገና ካርታ ሳይታደል ከፍሎ ተቀምጧል። አንተ ሬይዝ ስላላደረግክ ሳይጨምር ሦስት ካርታ አየ። መጀመሪያውኑ ወደ 30 ወይም 40 ሳንቲም ብታደርሰው ኖሮ አብዛኛው ሰው 8 እና 5ን ይጥል ነበር። ካልጣለም እሰየው፣ ከፍሎ ይምጣ።

ሁለተኛው ጥፋትህ ይብሳል። እስከዚያ ድረስ ቼክ፣ ኮል፣ ቼክ እያለ የመጣ ሰው ተርን ላይ ድንገት ሬይዝ ካደረገ እመነው። በ10 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ብላፍ ሲያደርግ በጣም አልፎ አልፎ ነው። አንድ ጥንድ ይዘሃል፣ አስም ቢሆን አንድ ጥንድ ነው። ጣለው።

የድሮ ተበዪ

ልጄ፣ እኔ ምክሬ አንድ ነው፤ ተወው። ታክሲ እየነዳሁ ያጠራቀምኩትን ሁለት ጊዜ እዚያው ከተማ አራግፌዋለሁ። እኔም በትንሽ ነበር የጀመርኩት።

የቬጋሱ ሹፌር

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ በቅንነት ነው የምቀበለው። ከ100 ዶላሯ ሌላ እንደማልጨምር ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። አፑ ላይም የማስገባት ገደብ አስቀምጫለሁ።

ሒሳብ ይሻላል

ዲለሯ ያለችውን በቁጥር ላስደግፍ።

ሁለት አስ ከአንድ ሰው ማንኛውም ካርታ ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከመቶ 85 ጊዜ ያሸንፋል። ከአራት ሰው ጋር ሲሆን ወደ 56 ይወርዳል። አንተ አራት ሰው ጠርተህ ነው የተቀመጥከው።

አሁን ተርኑ ላይ እንቁም። 3 ዶላር ሲያደርገው ፖቱ ውስጥ 5 ከ30 አለ፣ አንተ ለመቀጠል 2 ዶላር መጨመር አለብህ። ከጨመርክ ፖቱ 7 ከ30 ይሆናል። ኮሉ እንዳያከስርህ ቢያንስ ከመቶ 27 ጊዜ ማሸነፍ አለብህ። የሱን ካርታ አሁን ስለምናውቀው እንቁጠር፦ የሚያድኑህ ሁለት አስ፣ ሦስት ኪንግ፣ ሦስት 2 ናቸው። ኪንጉና 2ቱ የሚጠቅሙህ ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ስለሚፈጥሩና ያንተ ሁለት ጥንድ በአስ ስለሚበልጥ ነው። 8 ካርታ ከ44፣ ከመቶ 18። አይበቃም። በእጁ ሁለት 5 ይዞ ከጠረጴዛው ጋር ሦስት 5 ቢኖረው ኖሮ ደግሞ የሚያድኑህ ሁለቱ አሶች ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ አንተ ኮልም አይደለም ያደረግከው፣ ኦልኢን ነው የገባኸው፣ ያለህን ሁሉ።

ፎልድ ይወዳል

የሁሉም በሽታ አንድ ነው፣ ብዙ ካርታ መጫወት። ትዕግሥት ስጥ ብሎ መጸለይ አያስፈልግም፣ ደንብ አውጣ።

የኔ ደንብ ይሄ ነው። ከፊት ወንበር (ቀድመው ከሚናገሩት) ስሆን ትልልቅ ጥንዶች፣ አስ-ኪንግ፣ አስ-ኩዊን እና ቀለማቸው አንድ የሆነ (ለምሳሌ ሁለቱም ልብ) ጥቂት ትልልቅ ካርታዎች ብቻ። ወደ ባተን (የአዳይ ምልክት ያለበት ወንበር) ስቀርብ ሌላም ካርታ እጨምራለሁ። ባተኑ ላይ ያለ ሰው ከፍሎፕ በኋላ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚናገረው፣ ሌላው ምን እንዳለ አይቶ ይወስናል። ትንሹ ብላይንድ ላይ ደግሞ ቆጣቢ ነኝ፤ "5 ሳንቲም ቀርታኝ" ብሎ መሙላት የጀማሪ ጉድጓድ ነው። ከዚያ በኋላ በየዙሩ መጀመሪያ የምትናገረው አንተ ነህ፣ በጨለማ።

ሌላው፦ ስገባ በሬይዝ ነው የምገባው። ከኔ በፊት ማንም ካልገባ ወይ ሬይዝ ወይ ፎልድ (ካርታ መጣል)። 10 ሳንቲም ብቻ ጥሎ መግባት የለም። ከፊቴ ሁለት ሰው በ10 ሳንቲም ከገባ፣ ለየአንዳንዳቸው 10 ሳንቲም እጨምርበታለሁ።

ብላፍን እርሳው ማለት ይቻላል። ብላፍ የሚሠራው ፎልድ ማድረግ በሚያውቅ ሰው ላይ ነው። አንተ ጋ ያሉት ሁሉን ኮል የሚሉ ናቸው። ኮል ለሚል ሰው መድኃኒቱ ጥሩ ካርታ ይዞ ደህና አድርጎ መምታት ነው፤ ግማሽ ፖት፣ ሁለት ሦስተኛ ፖት፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ።

ሬክንም አትርሳ፣ ቤቱ ከየፖቱ የሚቆርጣትን። ብዙ ቦታ 5 ከመቶ ነው። 4 ዶላር ፖት ብታሸንፍ 20 ሳንቲም ይሄዳል፣ ይህ ያንተ ሁለት ትልቅ ብላይንድ ነው። አብዛኞቹ ሳይቶች ፍሎፕ ሳይወጣ ካለቀ አይቆርጡም። ስለዚህ አምስት ሆኖ በትንንሽ ፖት መጋፋት ለቤቱ መሥራት ነው።

በመጨረሻ፣ 60 ዶላር ለ10 ዶላር ጠረጴዛ ስድስት መቀመጫ ብቻ ነው። ደህና የሚጫወት ሰውም በአንድ ክፉ ሳምንት ስድስቱን ይጨርሳል። ወደ 1 እና 2 ሳንቲም ውረድ። እዚያ መቀመጫው 2 ዶላር ነው፣ ሠላሳ ጊዜ መቀመጥ ትችላለህ።

የቬጋሱ ሹፌር

ወይ ጉድ። ትንሹ ብላይንድ ላይ ሁልጊዜ እሞላ ነበር!

አንድ ሳልነግራችሁ የቀረ ነገር አለ። የምጫወተው ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው። ባለፈው ሦስት ኪንግ ይዤ መንገደኛ መጣ፣ ሻንጣ ሳነሳ ሰዓቴ አለቀና ካርዴን ራሱ ጣለው።

ዲለሯ

ሳቄን አልቻልኩም። ሦስት ኪንግ ለሻንጣ!

ከምር ግን ተራ ላይ መጫወት አቁም። ሰው ሲቸኩል ወይ ዝም ብሎ ኮል ይላል ወይ ይገፋል። ቤትህ ተቀምጠህ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጠረጴዛ። ሁለት መቀመጫ ከተበላህ ለዚያ ቀን ዝጋው። ተበልቼ ላስመልስ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ፊቱ ያስታውቃል፣ በስልክ ደግሞ አመታቱ ያስታውቃል።

እና የድሮ ተበዪን አትናቁብኝ። ገደብህን እየጨመርክ፣ ከባለቤትህ እየደበቅክ ከመጣህ ለቁማር ችግር መርጃ ስልክ በ1-800-426-2537 ደውል። ነጻ ነው።

የቬጋሱ ሹፌር (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወርጃለሁ፣ 1 እና 2 ሳንቲም ላይ ነኝ። 2,000 እጅ ያህል ተጫውቼ 3 ዶላር ከምናምን አተረፍኩ። ችዬበታለሁ ማለት ነው?

አንድ ጥያቄም አለኝ። ሁለት የልብ ካርታ ይዤ ፍሎፑ ላይ ሁለት ልብ ሲወጣ፣ አምስት ልብ ሞልቼ ፍላሽ የሚባለውን ጠንካራ እጅ ለማግኘት አምስተኛዋን ልብ ለመጠበቅ ስንት ድረስ ነው መክፈል ያለብኝ?

ሒሳብ ይሻላል

2,000 እጅ ምንም አይናገርም። 10,000 እንኳን ገና ዕድል ነው። እጆችህን ግን አስቀምጥ፣ በተለይ ትልቅ የተበላህባቸውን፣ ቀዝቀዝ ብለህ እያቸው።

ለልቡ፦ 13 ልብ አለ፣ 4ቱን አየህ፣ 9 ቀረ። ካላየሃቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ያንተ ናቸው፣ ተርኑ ላይ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 19 ነው። ተርንና ሪቨር ሁለቱንም ካየህ ወደ 35 ይደርሳል፤ ግን ያንን የምትቆጥረው አንዳችሁ ኦልኢን ሆናችሁ ሌላ መክፈል ከሌለ ነው። ሰውዬው ግማሽ ፖት ከመታ ከመቶ 25 ያስፈልግሃል፣ ሙሉ ፖት ከመታ 33። ስለዚህ ለግማሽ ፖት፣ ልብህ ትልቅ ሆኖ ሰውዬው ሲመጣልህም የሚከፍልህ ዓይነት ከሆነ ክፈል። ለሙሉ ፖት አብዛኛውን ጊዜ ጣለው። ልብህ 6 እና 4 ከሆነች ደግሞ ልቡ መጥቶም በትልቅ ልብ ልትበላ እንደምትችል አስብ።

የቬጋሱ ሹፌር

ትናንት በ6 እና 4 ነው የተበላሁት።