ሙዚየም ቪዲዮ ቢሠራልን ከምኑ ይጀምር?

የቀለም ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሥዕል አስተምራለሁ። ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሳወራ አፍጥጠው ያዩኛል። አይፈረድባቸውም። ሥዕሎቹ ስድስት ኪሎ፣ እኛ እዚህ። ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ የማይታሰብ ነው። ወላጆቹስ መቼ እሺ ይላሉ?

ሙዚየም የሚሠራ ወዳጄ «ምን ዓይነት ቪዲዮ እንደምትፈልጊ ጻፊና ለአለቆቼ ላሳይልሽ» አለኝ። አሜሪካ ያለው የኢንዲያናፖሊስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 «አርትባብል» የሚባል፣ ስለ ሥነ ጥበብ ብቻ የሆነ የቪዲዮ ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር። ቪዲዮው እየሄደ ጎኑ ላይ ማስታወሻ ይወጣ ነበር። የሠዓሊ ስም ሲነሳ ስለ እሱ የሚነበብ ነገር እዚያው ይገኝ ነበር። ለብቻዬ ልያዘውም አላለም፤ የኒውዮርኩን ሞማ የመሳሰሉ ሌሎች ሙዚየሞችንም ጠርቶ ቪዲዮአቸውን አስገባ። እኛ ጋ እንኳን ቪዲዮ፣ ፖስተር የሚዋዋስ ተቋም አላየሁም፤ ይቅር፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

መጀመሪያ ምን ይቀረፅ ትላላችሁ?

ካሜራማኑ፦
የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል! 150 ካሬ ሜትር ነው። ሙሉውን ስልክ ላይ ብታሳዪአቸው ግን ምንም አይገባቸውም። ሦስት መስኮት ነው፤ ያለፈችው፣ ያሁኗና የወደፊቷ አፍሪካ። ለየብቻ ይቀረፁ። ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት መስሎ አይታይም፣ የብርሃን ነገር ነው። ድምፁ ላይ ደግሞ አደራ። ትልቅ አዳራሽ ያስተጋባል፣ ተናጋሪው ደረቱ ላይ ማይክ ያድርግ።

ሰብሊ የለገጣፎ፦
ዳታውን ማን ይከፍላል? ልጆቼ ግማሽ ሳያዩ ፓኬጁ ያልቃል። አጭር ይሁን፣ በቴሌግራም የሚወርድ። ጎን ላይ የሚወጣው ማስታወሻም በትንሽ ስልክ አይነበብም። ከሥር ቢጻፍ ይሻላል።

የሕግ ሰው ነኝ፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሙዚየሙ ሥዕሉ አለው ማለት የማሳተም መብቱም የእሱ ነው ማለት አይደለም። በአዋጅ 410/1996 መብቱ ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ገብረ ክርስቶስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አፈወርቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012። ስለዚህ መጀመሪያ ወራሾችን ማናገር ነው። ፈቃድ እስኪገኝ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉት። ከእነሱ ጀምሩ።

የቀለም ልጅ፦
ይሄን አላሰብኩበትም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚያ ከሆነ ከድሮዎቹ እንጀምር ብዬ እጽፋለሁ። በዚያ ላይ ለልጆቹም ይመቻል፤ ጥሩ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ክፉው በጎን የሚሳልበትን ምክንያት ቢሰሙ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። የመስታወቱን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ሰብሊ፣ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም ብዬ ልጻፍ ወይስ ሦስት?

ሰብሊ የለገጣፎ፦
ሦስት በይ። እነሱ አምስት ያደርጉታል።